«ተመስገን» ሲተረጎም

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ወደ ራንድል ሰፈር በሚሄደው ባቡር ውስጥ እህትና ወንድም ከፊቴ ተቀምጠው፣ ሊሞት ስለተቃረበው አባታቸው በአማርኛ ይጨቃጨቁ ነበር።

«ነርሷ ‹ያመዋል?› ስትልህ ምን አልካት?»

«አባባ ‹ተመስገን› አለ። እኔም በእንግሊዝኛ ‹ፋይን› ብዬ ተረጎምኩ።»

«ለዚህ ነዋ ማስታገሻ ያልሰጠችው!»

«ያለውን ነው የተረጎምኩት። ልዋሽ?»

«አንሶላውን ጨምድዶ ይዞ እያየኸው?»

«አንቺ ሺፍት ላይ ነሽ። ከሥራ ተቀንሼ አጠገቡ የምውለው እኔ ነኝ!»

«መኪና የገጨው ዕለት፣ እግሩ ተሰብሮም ‹ተመስገን› ነው ያለው። ረሳኸው?»

ወንድሟ ሊስቅ ቃጣውና ተወው።

«ታዲያ ምን ልበላት?»

«‹ፈጣሪውን እያመሰገነ ነው፤ ግን በጣም ያመዋል› በላት።»

በዚህ መሃል ልጄ ደውላ «እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ?» ስትለኝ፣ የሁልጊዜው «ተመስገን» ከአፌ አልወጣ አለኝ።