ቡሹ ላይ ያለው እግር

ጎበዝ፣ ሳህናችሁን ለትንሽ ጊዜ አሳርፉ፤ ሳምቡሳው የትም አይሸሽም፣ ሎካሉንም፣ ይህን አዳራሽ፣ የተከራየነው ጡረተኛችንን ልንሸኝ እንጂ ለመብላት ብቻ አይደለም። ለማታውቁኝ ከፍያለው እባላለሁ። ኡፕላንድስ ቬስቢ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለችው ጫማ መጠገኛ ከጋሽ ዘይኑዲን ጎን የምቀመጠው፣ እርሳቸው የሚሠሩትን ያህል የማወራው ሰውዬ ነኝ።

ጋሽ ዘይኑ፣ መጀመሪያ የመጡበት ቀን ትዝ ይልዎታል? ክርስቲያን፣ የሱቁ ባለቤት፣ ሊፈትናቸው አንድ የእንግሊዝ ቦት ጫማ ሰጣቸው። እርሳቸው ገለበጡትና ሶሉን በጣታቸው ቋ ቋ አድርገው አንኳኩ። ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያ «አሰላሙ አለይኩም» አሉ።

ክርስቲያን ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምን አሉ?» አለኝ።

«ጫማውን ሰላም አሉት።»

«መለሰ?»

«ቆይ፣ እየሰሙ ነው።»

በልቤ፣ እኚህ ሰውዬ እስከ ምሳ አይቆዩም ብያለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ወንበሬን ወስደውታል፤ እስከ ዛሬም አልመለሱልኝም።

መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ሰው ሲያገኙ የሚያዩት እግር ነው፤ ፊት በኋላ ይደርሳል። አሰጋሽ ከደንበኛ መቀበያው ሆና፣ «ጋሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቻለሁ እኮ» ስትላቸው፣ «የቀኝ ታኮሽ አልቋል» ይሏታል። ባቡር ውስጥ ወንበር የለቀቀላቸውን ሰው ጫማውን አይተው ነው የሚመርቁት። ሶሉ በማስቲሽ የተለጠፈ ከሆነ ምርቃቱ አጭር ነው።

እኔ ራሴ የማስቲሽ ሰው ነበርኩ፤ ቀባ፣ ተጫን፣ «የሚቀጥለው!»። አንድ ቀን ቁጭ አድርገው የእንግሊዙን ጫማ ከፈቱልኝ። ዙሪያውን የሚዞረውን ቀጭን የቆዳ ጠርዝ አሳዩኝ። ላይኛው ቆዳና ውስጠኛው ሶል የተሰፉት ከእርሱ ጋር ነው፤ የታችኛው ሶልም የሚሰፋው በእርሱ ላይ ነው። «ስለዚህ ሶሉ ሲያልቅ ይፈታል፣ ሌላ ይሰፋል፣ ላይኛው ሳይጎዳ። እኛም እንዲህ ተሠርተን ቢሆን» አሉ፣ ወገባቸውን ይዘው። በሁለቱ ሶሎች መካከል ቡሽ አለ። ቡሹ ሲረገጥ ሲረገጥ ኖሮ የባለቤቱን እግር ይቀዳል፤ ጣቱን፣ ተረከዙን፣ ሸክሙን። ስትከፍቱት ሰውየው እዚያ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ያኔ ሰላምታቸው ገባኝ። ያኔም ፈራሁ።

እማማ ማይብሪት ያውላችሁ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። አማርኛ አይሰሙም፤ ስማቸውን ሲሰሙ ግን ይኸው ፈገግ ይላሉ። ሄይ ሄይ፣ ማይብሪት! በየዓመቱ ብርዱ ሊገባ ሲል የባላቸውን ቦት ጫማ ሶል ሊያስቀይሩ ያመጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ጋሽ ዘይኑ ቀብራቸው ላይ ነበሩ። ሶሉ ግን በየዓመቱ ያልቃል።

አትሳቁ፣ ቆዩ። አንድ ጊዜ ልቀልድ ብዬ፣ «ማይብሪት፣ እውነት ይንገሩኝ፣ ማን ነው የሚያደርገው?» አልኳቸው።

«እሱ ነዋ» አሉኝ፣ ውጭ እየዘነበ ነው እንደማለት።

«የት ሊሄድ?»

«ጫካ ነዋ። ሌላ የት ያውቃል?»

ጋሽ ዘይኑ ከፈቱት። ባልየው ግራ እግራቸውን ይጎትቱ ነበር፤ የግራው ታኮ እንደ ድሮው በውጭ በኩል ተበልቷል። ቡሹ ላይ ያው ትልቅ እግር አለ፤ ሌላ እግር አልተደረበበትም። እንዲያውም ካምናው ጠልቋል። ስፌቱ ውስጥ እርጥብ የጥድ ቅጠል ተሰክቷል። እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ይሞቃል።

«ማሞቂያው ኤለመንት ላይ ቆይቶ ይሆናል» አለች አሰጋሽ።

የሱቁ ኤለመንት ገና አልተከፈተም ነበር።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«የደንበኛ ጫማ ነው። ሰም ያለውን ክር አቀብለኝ።»

እንግዲህ ጋሽ ዘይኑ ጡረታቸውን ለምን ደጋግመው እንዳራዘሙ ሁሉም ይገምታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙፈሪሃት ቤት አላስቀምጥ ብለዋቸው ነው እያልኩ ያስወራሁት እኔ ነኝ። እውነቱ ሌላ ነው። ክርስቲያን ከእርሳቸው በኋላ የእጅ ስፌቱን ትቶ ሁሉን በማስቲሽ ሊያደርገው አስቧል። ያን ጊዜ አሮጌው ቡሽ ተፍቆ ይጣላል፣ አዲስ ይሞላል። በዚህ ሳምንት ቦት ጫማው መጣ። ጋሽ ዘይኑ ይዘውት ብዙ ቆዩና፣ «ከፍያለው፣ ቡሹን ፍቀው የጣሉት ቀን ሰውየው ወዴት ይገባል?» አሉኝ።

ለሁሉ ነገር መልስ የማያጣው ከፍያለው ቦት ጫማውን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

መልሴን ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ። ቦት ጫማውን እኔ ሠራሁት፤ እየፈራሁ፣ በወስፌና በክር። ቡሹን አልነካሁም። ስፌቴ ጠመም ይላል። ጋሽ ዘይኑ ቅድም በር ላይ አገላብጠው አዩትና አንድ ቃል ተናገሩ፦ «ይራመዳል።»

ክርስቲያን፣ ትናንት የነገርኩህን አሁን ሰው ፊት ልድገመው፤ አሰጋሽ ተርጉሚለት። የእጅ ስፌቱ ከቀጠለ እኔ አለሁ። ማስቲሽ ብቻ ከሆነ ዛሬ የምትሸኘው ሁለት ሰው ነው።... አያችሁ? እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ! ሁላችሁም ምስክሮቼ ናችሁ።

ጋሽ ዘይኑ፣ አሁን ቀልድ የለም። ሥራ ማለት ቶሎ መጨረስ ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ግን ማንም የማያየውን ስፌት ከሚታየው እኩል ሲያጠብቁ አየሁ። የማያውቁትን ሰው ሲያከብሩ አየሁ፤ ያለውንም፣ የሌለውንም። እናመሰግንዎታለን። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ ከወይዘሮ ሙፈሪሃት ጋር ደስ የሚል እርጅና ያድርግልዎ።

በሉ ተነሱ፣ የሊንጎን ሳፍታችሁን፣ ቀይ ጭማቂውን፣ ያዙ። እማማ ማይብሪት አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥ ተብሏል፤ አሰጋሽም ሳትጠይቅ ብርጭቆ አኑራበታለች። ቦት ጫማውን ከሥሩ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ አፍንጫውን ወደ መስኮቱ አድርጌ። አሁን ሳየው ወደ ጋሽ ዘይኑ ዞሯል።

እንግዲህ ብርጭቆ ከፍ! ለሚያርፉት እግሮች፤ ገና ላላረፉትም!