ማዘርቦርድ የመሰለው ብርድ ልብስ

ደብረ ታቦር ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ጓደኛዬ ገሳይ ከተማ እናቷ ቤት ስትወልድ ለሕፃኑ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትንሽ ብርድ ልብስ ሰፋሁለት። መደቡ አረንጓዴ፣ ላዩ ላይ በቢጫ ክር የሚጠማዘዙ መስመሮች፣ እዚህም እዚያም ጥቋቁር አራት ማዕዘኖች፤ ልክ በየቀኑ የምፈታታው ኮምፒውተር ውስጡ እንደሚመስለው። ደስ ብሎኝ ይዤው ሄድኩ። እናቷ እማማ ጥሩ ገና ሲያዩት ከሕፃኑ ላይ ገፈፉት።

«ምን ይዘሽ መጣሽ? የደብተራ ጠልሰም እኔ ቤት አይገባም!»

«ኧረ እማማ፣ ማዘርቦርድ ነው!»

«ማዘሯስ እኔ ነኝ። ቦርዱ ምንድን ነው?»

በሳቅ ፈነዳን። የኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ በእሱ በኩል እንደሚነጋገር እያስረዳኋቸው ሳለ ስልካቸው ጠራ። የጓደኛዬ ወንድም ነው። «እህቴን እንዴት አደርሽ በያት» ይላል። ጓደኛዬም ከአልጋዋ ሆና «ደህና ናት በይው» አለች። በአባታቸው መሬት ከተኳረፉ ወዲህ እንዲህ ነው የሚጠያየቁት።

እማማ ስልኩን ዘጉና ጣታቸውን በቢጫው ክር ላይ አስኬዱ።

«ይኸ ማዘር ያልሽው የተቃጠለ ዕለትስ?»

ለደንበኛ ሁልጊዜ የምናገረው ነገር ነው።

«ሌላው ዕቃ ደህና ቢሆንም… አይነጋገርም» አልኳቸው።

ብርድ ልብሱን መልሰው ሕፃኑን አለበሱት። ስልኩንም ለልጃቸው ዘረጉላት።

«በይ፣ አንቺው ደውይለት።»