ጎሚስታው ልጁን ወደ ጫካ የሸኘበት ምክንያት

ጎሚስታው ሲጨነቅ ጎማ ከልክ በላይ ይነፋል። አንዱ የነፋው ጎማ መኪናውን ጥሎ ብቻውን ገበያ ደርሶ ተመልሷል ይባላል፤ መድረሱስ እውነት ነው፣ መመለሱ ግን ያጠራጥራል።

አንድ ጠዋት ወጣቶች የጫነ ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶ ደጁ ላይ ቆመ። ወጣቶቹን የምትመራ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ወረደች።

«ወዴት ናችሁ ልጄ?»

«ጫካ ነን፣ ጋሼ። ድብርትና ጭንቀት የያዛቸውን ወጣቶች እዚያ እናክማለን።»

«ሐኪሙ ማነው? ጦጣ?»

«ጦጣዋ ምሳ ትሰርቃለች እንጂ አትመረምርም። ሐኪሞቹ እኛ ነን።»

ጎሚስታው ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ከሱቁ በላይ ወዳለው መስኮት ሸሸ። ልጁ ኮሌጅ ጥሎ ከመጣ ወዲህ እዚያ መጋረጃ ዘግቶ ተኝቷል። ምግቡ በር ላይ ይቀመጥለታል፤ ምክሩ በቁልፍ ቀዳዳ ይላክለታል። እንዲህ እያለ ይሞትብኝ ይሆን? እያለ ይጨነቃል።

«ጫካ ገብቶ እንጨት መልቀም ምን ያድናል?» አለ፣ ጎማውን መንፋት ጀምሮ።

«ብቻውን አያድንም። ግን ሌላው እንዳይበርደው እሳት የሚያቀጣጥል ልጅ፣ ‹ለካ እፈለጋለሁ› ይላል። ሲሄድ ውሎ እንቅልፍ ይወስደዋል። ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይወጣው ቃል ጎን ለጎን ሲሄዱ ይወጣል። ሁሉም ይድናል አልልዎትም፤ ብዙዎቹ ግን ቀለል ብሏቸው ሲመለሱ አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ላይ ቤት የተኛውን የኔን ጉድ ጫኚልኝ! ሁለት ጡንቸኛ ጠርቼ ከነፍራሹ አወርደዋለሁ!»

«አይሆንም! በግድ የመጣ ልጅ ይብስበታል። ሲመለስም ቤቱ የሚሰማው ከሌለ ልፋቱ ከንቱ ነው። ጋሼ፣ ጎማው!»

ጎማው ፈነዳ። ጎሚስታው በቂጡ ተዘረጋ።

ደረጃው ተንኳኳ፤ ልጁ በባዶ እግሩ እየሮጠ ወረደ። «አባዬ! ተጎዳህ?»

ጎሚስታው ምክር ሊጀምር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። «ደህና ነኝ። አንተስ ልጄ… ምን ይሻልሃል?»

ይህን ጠይቆት አያውቅም። ልጁ ሚኒባሱን አየ። «እነዚህ ወዴት ናቸው?»

«ጫካ። እዚያ ያክማሉ አሉ።»

«አንተም ትሄዳለህ?»

«እኔማ አልሄድም።»

«እንዲያ ከሆነ ልሞክረው።»

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ለብቻው አነጋገረችው፤ በሚቀጥለው ጉዞም ወሰደችው።

ዛሬ ልጁ ሌሊቱን ይተኛል፣ ይበላል፣ ትምህርቱንም ቀጥሏል። ጎሚስታውም ደጁ የቆመውን ወላጅ ሁሉ፣ «ልጃችሁን አትጫኑት፤ ጠይቁት። ሐኪሙን ምረጡ፤ ሲመለስም ስሙት» እያለ ይሰብካል። ልጁ የሚከፋው ቀን አሁንም አለ። በዚያ ቀን ግን ራሱ ወርዶ፣ «አባዬ፣ ሱቁን ዝጋና ትንሽ እንሂድ» ይላል። ጎሚስታው ምላሱን ነክሶ አብሮት ይሄዳል።