የቡና ገለባ ከሰል

በ1976 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከአጋሮ ወደ ጅማ ስመለስ የተሳፈርኩበት አውቶብስ ጎማው ፈነዳ። እስኪቀየር ድረስ አንድ የመንገድ ዳር ቤት ጎራ ብዬ፣ የጤና ሠራተኛ መሆኔን ነግሬ ውሃ ለመንኩ። የቤቱ ባለቤት አባቦራ የሚባሉ የቀድሞ የቡና ነጋዴ፣ የመንደሩም የውሃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበሩ።

«የጤና ሠራተኛ ከሆንክ ከዚህ ወንዝ ላጠጣህ አልደፍርም» አሉኝ። «ከላይ ቡና መታጠብ ሲጀምር ይጠቁራል፣ ይሸታል። ሴቶቻችን ሁለት ሰዓት ሄደው ከምንጭ ይቀዳሉ። አሁን ውሃ ለምናጣራበት በርሜል ከውጭ አገር የሚመጣ ከሰል ልንገዛ ነው፤ ይቺ ልጅ ግን አላስቀምጥ አለችን።»

«ይቺ ልጅ» ያሏት ሱዓድ ትባላለች፤ የጅማው ሄርማታ ሰፈር ተወላጅ፣ እዚያው የላቦራቶሪ ሙያ የምትማር፤ ከቡና ገለባ የተሠራ ከሰል ልታሳያቸው መጥታ ነው።

«አባ፣ የውጭ አገሩን ከመግዛትዎ በፊት የገለባውን ይዩልኝ ነው ያልኩት» አለች በትሕትና።

«የምንጥለውን ገለባ! ቆሻሻን በቆሻሻ ልታጥቢ ነው እንዴ?»

«እርስዎው ይፍረዱ።»

ሦስት ብርጭቆ ውሃ በሰማያዊ ቀለም በጠበጠች። በአንዱ የማድቤት ከሰል፣ በሌላው የውጭውን፣ በሦስተኛው የገለባውን፣ ሁሉንም አድቅቃ እኩል መዝና ጨመረች። ቆይታ ስታጠልለው የማድቤቱ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ፤ የውጭው ኩልል አለ፤ የገለባው ግን ገና ወየብ ያለ ሰማያዊ ነበር።

አባቦራ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ኤዬ! ተሸነፍሽ!»

«በክብደት አዎን፣ ተሸንፌያለሁ» አለች ሳትደነግጥ። ከገለባው ያንኑ ያህል ደግማ ጨመረች፤ ውሃው ጠራ። «አባ፣ በውጭው የአንድ ኪሎ ዋጋ ከዚህ አሥር ኪሎ እንሠራለን። የውጭውን የአንድ ኪሎ ሥራ ለመሥራት ደግሞ ከዚህ ሁለት ኪሎ ይበቃል። ሒሳቡን በሚጠራው ውሃ ያስቡት።»

«አምስት እጥፍ!» አሉ ነጋዴው፣ ጣታቸውን እየቆጠሩ። «ታዲያ የማድቤቱስ ምን ሆነ?»

«ውስጡ ድፍን ነው። ይሄን በተዘጋ በርሜል አግለን እንፋሎት ስላሳለፍንበት ዓይን የማያየው ቀዳዳ ሞልቶታል፤ ቀለሙና ሽታው እዚያ ይያዛል።»

«በሽታውንስ?»

እዚህ ላይ ልጅቷ ትዋሽ ይሆን ብዬ ሰጋሁ።

«እሱን አያስቀርም። ከተጣራ በኋላ መፍላት አለበት። ከሰሉም ሲጠግብ ይለወጣል።»

አባቦራ የጠራውን ብርጭቆ አንስተው አዩት። «ወላሂ፣ አርባ ዓመት ስነግድ የዕቃውን ጉድለት የነገረኝ ሻጭ አላጋጠመኝም። የአንቺን እንሞክራለን።»

በየካቲት ለሥራ ስመለስ በርሜሎቹ ቆመዋል፤ ከታች አሸዋ፣ ከላይ የገለባው ከሰል። ምንጭ ሲመላለሱ ይውሉ የነበሩት ሴቶች ግማሾቹ ከሱዓድ ተምረው ከሰሉን ራሳቸው ያመርታሉ፤ ለውጭው ከሰል ከተዋጣው ገንዘብ በተረፈው የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ተከድኗል። ተቅማጥም ቀንሷል፤ ውሃው የሚጠጣው ፈልቶ ነውና።

የጎረቤት መንደር ሽማግሌዎች ሊጎበኙ መጥተው ነበር። አባቦራ ብርጭቆዎቹን ደርድረው፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እያቀላቀሉ ያስረዳሉ።

«ይሄ ከየትኛው አገር የመጣ ነው?» አሏቸው አንዱ ሽማግሌ።

አባቦራ ቀና አሉ። «ገለባው የኛ፣ ያሠራችንም ልጅ የኛ» አሉ። «ግን ስሙ፤ ጉድለቱንም ልንገራችሁ።»