የትርሲት እናት ቧንቧ

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ ረፋድ ላይ። ትርሲትን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ መልስ የሚጠብቀው ናሁሠናይ፣ «የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ» ብሎ እናቷ ጓሮ ገብቶ፣ ትናንት ማፍሰስ በጀመረው ፈንታ የሚገባ አዲስ የመዳብ ቧንቧ ይገዘግዛል፤ እናቲቱ ወይዘሮ አሰገደች አናቱ ላይ ቆመዋል።)

አሰገደች፦ ቁም! ቁም አልኩህ! ቧንቧ ቁረጥ አልኩህ እንጂ በሬ እረድ አልኩህ?

ናሁሠናይ፦ እማማ፣ መዳብ እኮ እልኸኛ ነው።

አሰገደች፦ መዳብ ቅቤ ነው። ይህን ቤት ከዳር እስከ ዳር በመዳብ የዘረጋው ባሌ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና መጋዝ ሲይዝ ክራር የሚመታ ነበር የሚመስለው። ያንተ ግን ጅብ አጥንት ሲቆረጥም ነው።

ናሁሠናይ፦ ይኸው፣ ተቆረጠ!

አሰገደች፦ እስቲ አሳየኝ። ይኼ ክብ ነው?

ናሁሠናይ፦ ወደ ክብ... ይጠጋል።

አሰገደች፦ እንቁላል ነው! ተጭነህ ደፈጠጥከው። አፉም እንደ ሰካራም ባርኔጣ ወደ አንድ ወገን ተንጋዷል። መገጣጠሚያው ውስጥ እንዴት ሊገባ ነው፣ በምልጃ?

ናሁሠናይ፦ በመዶሻ ትንሽ ካባበልነው...

አሰገደች፦ የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል ነበር፤ አንተ ግን ናፍቆህ መጣህ! የውስጡን ሾህስ ማን ሊያነሳው ነው?

ናሁሠናይ፦ የምን ሾህ?

አሰገደች፦ ጣትህን አስገባ።

ናሁሠናይ፦ ኧረ! ደማሁ እኮ!

አሰገደች፦ እሱ ነው ሾህ ማለት። ውስጡ በሞረድ ይላጋል፤ ላዩ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፈገፈጋል፤ ካልጸዳ ብየዳው አይይዝም። የቧንቧ ሠራተኛው ማነው፣ እኔ ነኝ?

ናሁሠናይ፦ የለመድኩት ፕላስቲክ ነው፣ እማማ።

አሰገደች፦ በነጭ ሸሚዝ?

ናሁሠናይ፦ ሙያን ማክበር ነው።

አሰገደች፦ አይ ዘመን! ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው ልጄን ለአንድ ጎረምሳ ጠየቁኝ። «እጁ የማይችለው ሙያ የለም» እያሉ ሲምሉልኝ ዋሉ።

ናሁሠናይ፦ እውነት ነው! ማለቴ... እውነት ሊሆን ይችላል። ምን መለሱላቸው?

አሰገደች፦ አንተ ምን አገባህ? ፈግፍግ።

ናሁሠናይ፦ እየፈገፈግኩ ነው። እንዲያው ለጨዋታ ያህል። ልጁ ደግ ሰው ይመስለኛል።

አሰገደች፦ ታውቀዋለህ?

ናሁሠናይ፦ በዝና።

አሰገደች፦ እኔ ዓይኑን ሳላየው እንዴት እሺ ልበል? በወጉ ደግሞ መልስ ሳይሰማ ደጄን አይረግጥም።

ናሁሠናይ፦ አንድ ጊዜ ብቅ ቢልስ?

አሰገደች፦ ያኔውኑ እምቢ ነዋ! ዛሬ ወግ ያፈረሰ ነገ ትዳር ያፈርሳል። ይልቅ ያንን ሲያፈስ የነበረውን፣ ፈተህ ያወጣኸውን አሮጌ ቁራጭ አቀብለኝ።

ናሁሠናይ፦ ምን ያደርግልዎታል? ቆሻሻ እኮ ነው፤ ስወጣ እጥለዋለሁ።

አሰገደች፦ አምጣ! እየው እስቲ። መዳብ ሲያረጅ ይጠቁራል፣ አረንጓዴ ያወጣል። ዕድሜ በልቶት የተቀደደ ቢሆን ከንፈሩ ጥቁር ይሆን ነበር። ይኼ እንደ ሙሽራ ቀለበት ያብረቀርቃል። ትናንት በመጋዝ የተነካ ነው።

ናሁሠናይ፦ ሌባ ይሆናላ።

አሰገደች፦ ሌባ ቧንቧውን ይዞ ይሄዳል እንጂ፣ እኩሌታውን ገዝግዞ «እማዬ፣ ጎበዝ የቧንቧ ሠራተኛ አውቃለሁ» ይላል? እንዲህ ያለችኝ ትርሲት ናት።

ናሁሠናይ፦ እማማ፣ እኔ...

አሰገደች፦ ዝም በል፣ ናሁሠናይ።

ናሁሠናይ፦ ስሜን... ማን ነገርዎት?

አሰገደች፦ ሽማግሌዎችህ። መልክህን ደግሞ ከልጄ ትራስ ሥር ካለው ፎቶ አውቀዋለሁ፤ አልጋዋን የማነጥፈው እኔ ነኝ። ከበር ስትገባ ነው ያወቅኩህ።

ናሁሠናይ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አስፈገፈጉኝ?

አሰገደች፦ እጁ የማይችለው ሙያ የለም ተብሎ ተምሎልኝ የለ? መሐላውን ላጣራ ብዬ ነው።

ናሁሠናይ፦ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷን አይቆጧት። እምቢ ቢሉኝም ቤቱን ያለ ውኃ ትቼ አልሄድም። ቧንቧውን ልጨርስና...

አሰገደች፦ አትንካው! በእግዜር ይዤሃለሁ፣ አትንካው! የእሷን ቁርጥ እየው፤ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው፣ አባቷን ነው የወጣችው። እሷው ትጨርሰዋለች። በአንድ ቤት አንድ ሙያተኛ ይበቃል።

ናሁሠናይ፦ በአንድ ቤት? ግን እኮ ወጉ... ደጅዎን ረግጫለሁ።

አሰገደች፦ ማን? ናሁሠናይ የሚባል ሰው እዚህ አልመጣም። ዛሬ የመጣው አንድ የማይረባ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እሱንም አባርሬዋለሁ።

ናሁሠናይ፦ ታዲያ ሽማግሌዎቹን... እሑድ ልላካቸው?

አሰገደች፦ ላካቸው። ከሦስቱ አንዱ ግን የቧንቧ ሠራተኛ ይሁን።