የጋሽ ፈንታው ባርኔጣና ያልወጣው ደብዳቤ

እንደምን ዋላችሁ። ተቀመጡ፣ ብርጭቆ ያነሳችሁም አስቀምጡት፣ ገና ነው። የጋሽ ፈንታውን የጡረታ መሸኛ ንግግር ሌላ ሰው ያድርገው ብዬ ነበር፤ "ወለላ፣ ሃያ አራት ዓመት አንድ ክፍል አብረሽው የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ" ተባልኩ። እውነት ነው። እትዬ ሸዋዬ ባላቸውን የሚችሉት ማታ ማታ ነው፤ ቀን ቀኑን የቻልኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ፈንታው እዚህ ግብርና ቢሮ የመጡ ዕለት እኔ በጸሐፊነት ከተቀጠርኩ ወር አልሞላኝም ነበር። ሞተር ብስክሌት ሲቆም ሰማን። መጀመሪያ በበሩ የገባው ጸጉር ነው። ሰውዬው ከኋላው ተከትለው ገቡ። የቆቦ አቧራ እላዩ ላይ ተነስንሷል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ "ጠረጴዛዬ የቱ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። እሳቸው "እህቴ፣ መስታወት አላችሁ?" አሉኝ። አልነበረንም። በማግስቱ ገዝተው መጥተው ከመዝገብ መደርደሪያው ጎን ሰቀሉ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ተሰቅሏል።

ኪሳቸው ውስጥ ከማበጠሪያው ሌላ ሲባጎ አይጠፋም። ሲባጎዋ በየሃያ ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ አላት፤ ጤፍ በመስመር ለማዘራት ነው። ከሮቢት እስከ ጎብዬ በዚያች ሲባጎ ያልተለካ ማሳ ያለ አይመስለኝም። ማሳው ሲያልቅባቸው ወደ ቢሮው ዞሩ። የስብሰባ ወንበር ይለካሉ። የጻፍኩትን ደብዳቤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩና "ሦስተኛው መስመር ጠሟል" ይሉኛል። ጋሽ ፈንታው፣ በኮምፒውተር የተጻፈ እንዴት ይጠማል ብል ማን ሊሰማኝ። ዘሩን በብተና የሚዘራ ገበሬ ያዩ ቀንማ ምሳም አይበሉ።

ሌላው የማይሰለቻቸው ምክር ደግሞ "በመጀመሪያው ዝናብ ዘራችሁን አትጨርሱ" ነው። የኛ ቆላ ዝናብ አይታመንም፣ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ለዳግም ዘር የሚሆን አስቀሩ ይላሉ። በዚህ ምክር ስንት ጎተራ እንደዳነ እዚህ የመጡት ገበሬዎች ይናገሩ።

ጸጉሩ ግን ከፊት ጀምሮ ሄደ። እኛ ለመድነው፤ እሳቸው አልለመዱትም። የመረጃ ክፍሉ ቢኒያም፣ አንገትህን አትድፋ፣ በስልኩ አንድ የጸጉር ተከላ ክሊኒክ ማስታወቂያ አሳያቸው። በሳምንቱ "የእናቴ ተዝካር አለብኝ" ብለው ፈቃድ ጠየቁ። የእናታቸው ተዝካር ከሰባት ዓመት በፊት ወጥቷል፤ እኔ ራሴ ሄጄ በልቻለሁ። እያወቅኩ ፈቃዱን ጻፍኩ። ምነው እጄን በያዘኝ።

ባርኔጣ አድርገው ተመለሱ፣ ያውም በግንቦት። ኅዳር ላይ ጸጉሩ በቀለ። የበቀለው ግን በመስመር ነው። ሳቁ፣ እኔ ስቄ ጨርሻለሁ። ቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እየሆነ፣ ቀጥ ብሎ፣ በመደዳ። ስሙን የማልጠራው ያ ክሊኒክ ከማጅራታቸው ያለውን ጸጉር ጠራርጎ በአንድ ቀን ከፊት ተክሎት ነበር። ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ተሰለፈ።

በሐምሌ ሮቢት ላይ ገበሬ እያሠለጠኑ ነፋስ ባርኔጣቸውን ወሰደው። አንዱ ከኋላ "ልማት ሠራተኛው አናቱ ላይ ሠርቶ ማሳያ ከፍቷል" አለና ማሳው በሳቅ ተናጋ። ከገበሬዎቹ አቶ እንድሪስ ግን አልሳቁም። ባርኔጣውን አንስተው አቧራውን እያራገፉ፣ "ፈንታው፣ ለኛ ዘር አስቀሩ እያልክ፣ ያንተን ማነው እንዲህ በአንድ ዝናብ የጨረሰው?" አሉ።

ያቺ ቃል ከሳቁ ሁሉ በለጠችባቸው። ከዚያ ወዲህ ባርኔጣው ከራሳቸው አልወረደም። ቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ አድርጎ አይገባም፤ እሳቸው ከማወልቀው ይቅርብኝ ብለው መግባቱን ተዉት። ከቅጥሩ ውጭ ዛፉ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። እናቴን የቀበርኩ ዕለት ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ ቆመው አየሁዎት፣ ጋሽ ፈንታው። ያን ቀን ከሐዘኔ ንዴቴ በልጦብኝ ነበር። ይህን ነግሬዎት አላውቅም፣ ዛሬ ይስሙት።

ሦስት ወር ለምኜ፣ አምና በጥቅምት ሌላ ሐኪም ጋ ወሰድኳቸው። እትዬ ሸዋዬን ጉልበታቸው ስለማያስኬዳቸው አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ በማጉያ መነጽር ረጅም ጊዜ አየቻቸው። የተሰለፈውን አንድ በአንድ እንደምትነቅለው፣ ደህናውን መልሳ እንደምትተክለው ነገረችን። "ከማጅራት የቀረዎት ትንሽ ነው። ይህ ካልያዘ የምጨምርበት የለኝም። ሙሉ ጸጉር አልሰጥዎትም፤ መስመሩን ግን አጠፋዋለሁ" አለች። የመጨረሻው ዘር ነው ማለቷ ነው። እኔ እንባዬ መጣ። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "በየስንት ሳንቲ ሜትሩ ነው የምትተክይው?" ሐኪሟም "አባቴ፣ መስመርማ የለውም፣ እበትነዋለሁ" አለቻቸው።

ሃያ አራት ዓመት ብተናን ሲዋጉ የኖሩት ሰው በብተና ለመዘራት ፈረሙ። ምስክር ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስድስት ሰዓት ሙሉ የራስ ቅላቸው ብቻ በማደንዘዣ ደንዝዞ፣ ነቅተው ተጋድመው፣ "አራርቂው፣ አታጨናንቂው" እያሉ ሐኪሟን ሲያሠለጥኑ ዋሉ።

ውጤቱ ዓመት ሲሞላው ይታያል ተባልን። ይኸው ዓመት ሞላው። ማን አየ? እትዬ ሸዋዬ እንኳ አላዩም፣ በቆብ ነው የሚተኙት። ጭራሽ ከሦስት ሳምንት በፊት "የጡረታ አበሌ በአዳማ ይከፈለኝ" የሚል ማመልከቻ ሰጡኝ። በአዳማ የሚያውቃቸው ሰው የለም። የፈለጉትም እሱኑ ነው። ለጸጉር ተብሎ አገር ይለቀቃል? በየቀኑ "ደብዳቤው ወጣ?" ይሉኛል፤ እኔም በየቀኑ "ፊርማ ላይ ነው" እላለሁ። ዋሸሁ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ቁጥርም አልሰጠሁትም። ኃላፊያችን ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ደግሞ ቀልዱን ልተው። አንበጣው የመጣ ዓመት ያስታውሳሉ? አሥራ አንድ ቀን ከገበሬው ጋር ቆርቆሮ እየደበደቡ ማሳ ውስጥ ዋሉ። ያኔ መላጣ ነበሩ። ራስዎ በፀሐይ ተልጦ ቢሮ ሲገቡ ቅባት የቀባሁዎት እኔ ነኝ። በዚህ አዳራሽ ያን ራስ አይቶ የሳቀ ሰው ካለ ይነሳ። የለም። የአቶ እንድሪስ ማሽላ የተረፈው በዚያ ራስ ነው። እኔም ሰው ለሥራው እንዲህ ይሆናል እንዴ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው፤ በዚህ ቢሮ ሥራ በመረረኝ ጊዜ ሁሉ ያቆየኝ እሱ ነው። አመሰግንዎታለሁ። ብዙ ተቆጡኝ፣ ብዙ ለኩኝ፣ ግን አንድ ቀን አላሳፈሩኝም። አሁን እኛን ትተው በመሄድ አያሳፍሩኝ።

ማመልከቻው ይኸው በእጄ ነው። ባርኔጣው ካልወረደ፣ ሰኞ ጠዋት ቁጥር ሰጥቼ እልከዋለሁ፣ በቃሌ። ከወረደ እዚሁ እቀደዋለሁ።

እንጠብቃለን። ማንም አያጨብጭብ። እትዬ ሸዋዬ፣ እርስዎ አያውልቁላቸው፣ ራሳቸው ያውልቁ።

ይኸው።

ይኸው ነው እንግዲህ። ሳሳ ያለ፣ ሽበት የገባበት፣ መስመር የሌለው፣ የስድሳ ዓመት ሰው ጸጉር። ሁለት ዓመት ተኩል የተደበቅነው ለዚህ ነው? እግዜር ይይልዎት፣ ጋሽ ፈንታው። እኔን አትዩኝ፣ ደህና ነኝ።

ቀደድኩት። ባርኔጣውን ለአቶ እንድሪስ አቀብሉልኝ፤ ማሽላው ሊደርስ ነው፣ ለወፍ ማስፈራሪያ ይሁናቸው።

አሁን ብርጭቆ ይነሳ፣ ጠጅም የያዘ ለስላሳም የያዘ። ዕድሜና ጤና ከእትዬ ሸዋዬ ጋር ይስጥዎት፤ ጡረታዎ ዝናቡ የማይከዳው ክረምት ይሁንልዎት። ነገ እሑድ ነው፣ ጋሽ ፈንታው። ዛፉ ሥር አልፈልግዎትም፤ ውስጥ ቦታ እይዝልዎታለሁ።