ዚፕ ለሰነፍ

ከሆሳዕና ወደ ቦኖሻ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ጥቅል ዚፕ ያቀፈች ልብስ ሰፊና አንድ መምህር ከእኔና ከልጄ ፊት ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠው ያወሩ ነበር።

«ዚፕን የፈጠረው ሰውዬ የጫማ ክር ማሰር ሰልችቶት ነው ይባላል። የመጀመሪያው እየተከፈተ አስቸገረ፤ ሌላ ሰው ነው ከዓመታት በኋላ ያቃናው።»

«እንግዲያ እኒያ አባት እውነታቸውን ነው፣ መምህር።»

«የትኛው አባት?»

«‹ዚፕ ለሰነፍ ነው። የልጄን ቀሚስ ከጀርባው ሰባት ቁልፍ አድርጊለት፤ ትዕግሥት ትማር› ያሉኝ ደንበኛዬ።»

«አደረግሽ?»

«ሰባቱንም። ልጅቷ ግን በማግስቱ ተመልሳ ለመነችኝ፤ ጎኑ ላይ ዚፕ ደበቅሁላት።»

«ቁልፎቹስ?»

«እነሱ የአባቷ ናቸው፤ አይከፈቱም።»

«አላወቁም?»

«ምን ያውቃሉ! ‹ልብስ እንዲህ ነው› ብለው መርቀውኝ ሄዱ።»

ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ ስታዞር፣ ጀርባዋ ላይ የተደረደሩትን ሰባት ቁልፎች አንድ በአንድ ቆጠርሁ።